እያንዳንዱ መግቢያ ምክንያት አለው

በሰሜን ቨርጂኒያ የሚነዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በሰዓት 45 ማይል በተፈቀደበት ሰፊ ጎዳና ላይ ከፊት ያለው መኪና ድንገት ፍሬን ይይዛል። መብራት የለም፣ መስቀለኛ መንገድም የለም፤ ሰውየው ነዳጅ ማደያ ሊገባ ነው። ከማደያው ጥቂት አለፍ ሲሉ የጎማ ቤት መግቢያ አለ፣ ቀጥሎ የዶናት ቤት፣ ቀጥሎ ደግሞ የእኛው ሰዎች ሬስቶራንትና ፀጉር ቤት የተከራዩበት ፕላዛ፤ እሱም ለብቻው ሁለት መግቢያ አለው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብሎ ለጠየቀ «ድሮ ሕግ አልነበረም» ይሉታል። ግማሹ እውነት ነው። ሕጉ ግን ከወጣ ከረመ፤ ዛሬ የሚሸረሽረው በገዛ እጁ የሚሰጠው ልዩ ፈቃድ ነው።

ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ልጻፍ። በ2007 የቨርጂኒያ ምክር ቤት የግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ እዚህ ሁሉም ቪዶት የሚለው፣ የአውራ ጎዳና መግቢያዎችን የሚገዛ ደንብ እንዲያወጣ አዘዘ። ደንቡ ለዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ከጁላይ 1 ቀን 2008፣ ለቀሩት ከኦክቶበር 14 ቀን 2009 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ዋና ጉዳዩ ርቀት ነው። ፍጥነቱ 50 ማይልና ከዚያ በላይ በሆነ ዋና ጎዳና ላይ በሁለት የትራፊክ መብራቶች መካከል ግማሽ ማይል፣ ማለትም 2,640 ጫማ ያስፈልጋል። በቀኝ ብቻ ለሚያስገባና ለሚያስወጣ መግቢያ 495 ጫማ ይበቃል፤ 150 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው።

ይህችን 495 ማንም ከኪሱ አላወጣትም። የመንገድ መሐንዲሶች መመሪያ አንድ አሽከርካሪ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ 2.5 ሴኮንድ ይሰጠዋል። በ55 ማይል የሚበር መኪና በእነዚያ ሴኮንዶችና ፍሬኑ ይዞ እስኪያቆመው ድረስ የሚጨርሰው ርቀት ሲሰላ 495 ጫማ ይመጣል። ባለሥልጣን ተስማምቶ ከዚህ ላይ መቶ ጫማ ሲቀንስ የመኪናው ክብደት አብሮ አይስማማም።

ደንቡ እንደ ማንኛውም ደንብ ማምለጫ በር አለው። በሩ መኖሩን አልቃወምም። መሬቱ ከጎዳናው ጋር የሚዋሰነው ሠላሳ ሜትር ብቻ የሆነን ሰው 150 ሜትር ጠብቅ ማለት መሬትህን ጥለህ ሂድ ከማለት አይለይም፤ ባለንብረት ወደ ሕዝብ መንገድ የሚወጣበት ተገቢ መንገድ እንዲኖረው ሕጉ ራሱ ይቀበላል። የምቃወመው የበሩን አሠራር ነው። አመልካቹ ኤኤም-1 የሚባል ቅጽ ይሞላል፣ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚስማማውን ይመርጣል፣ እንደ ጉዳዩ የትራፊክ ጥናት ያያይዛል፤ የዲስትሪክቱ ኃላፊ የወከለው ሰው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይመልሳል። ቅጹ የሚጠይቀው ስለ አንድ ቁራሽ መሬት ነው። የሚመልሰውም ስለ አንድ ቁራሽ መሬት ነው።

ይህን አሠራር የሚጠብቀው ሐሳብ «እያንዳንዱ ጉዳይ በራሱ ይመዘን» የሚለው ነው። ሲሰሙት ፍትሕ ይመስላል። ማን ይቃወመዋል? የካውንቲ ምክር ቤት አባላት ይወዱታል፣ ጠበቆች ይወዱታል፣ መሐንዲሱም ከጭቅጭቅ ስለሚያድነው አይጠላውም። እድር የገባ ሰው ግን የዚህን ሐሳብ ጉድ ያውቀዋል። ከቀብር የቀረ አባል ሁሉ ምክንያት አለው፦ አንዱ ፈረቃ ላይ ነበር፣ አንዷ ልጅ ታሞባት ነበር፣ የአንዱ መኪና አልነሳ ብሎት ነበር። የእድሩ ዳኛ አንድ በአንድ ቢሰማቸው ሁሉንም ይምራል፤ አንዳቸውም አልዋሹም። ድንኳኑ ግን ባዶ ውሏል። ደህና እድር የአንዱን ምክንያት ከሰማ በኋላ መዝገቡን ገልጦ በዚያ ቀን በጠቅላላው ስንት ሰው እንደቀረ የሚያየው ለዚህ ነው። የመግቢያ ደንቡ ይህን መዝገብ አይገልጥም።

ጥናቱን እንየው፤ ሁሉም «ጥናት አለ» ሲባል ዝም ስለሚል። ጥናቱን የሚሠራው አመልካቹ የቀጠረው መሐንዲስ ነው። እዚህ ላይ ሌብነት አለ እያልኩ አይደለም፤ አብዛኞቹ ቁጥራቸውን በትክክል የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። ችግሩ መለኪያው ላይ ነው። በአሜሪካ የመንገድ ሥራ መገናኛዎች ከኤ እስከ ኤፍ ማርክ ይሰጣቸዋል፤ ማርኩ የሚሰላው መኪና በአማካይ ስንት ሴኮንድ ተጓተተ በሚል ነው። መብራት ያለው መገናኛ ከ80 ሴኮንድ በላይ ካስጠበቀ ወድቋል፣ ኤፍ ነው። አንድ የዶናት ቤት መግቢያ የማንንም ማርክ አይቀይርም። ሃያኛው መግቢያም ሲመጣ፣ አስራ ዘጠኙ የነበሩ ተደርገው ስለሚቆጠሩ፣ እሱም ብቻውን ምንም አይቀይርም። እያንዳንዱ ፈተናውን ያልፋል፤ መንገዱ ይወድቃል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ማርኩ የሚለካው መዘግየትን እንጂ ግጭትን አለመሆኑ ነው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን የተላተሙበት መግቢያ በማርክ ሲታይ ቢ ሊያገኝ ይችላል።

ስለ ግጭት የሚያወራ ጥናት ጠፍቶ አይደለም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ምርምር ቦርድ በ1999 ባወጣው፣ በባለሙያዎቹ ዘንድ «ሪፖርት 420» በሚባለው ሥራ፣ በአንድ ማይል ውስጥ 10 የነበሩ መግቢያዎችና መገናኛዎች 20 ሲሆኑ የአደጋው መጠን 40 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሂሳብ አያስፈልግም። ወደ ግራም ወደ ቀኝም የሚያስገባና የሚያስወጣ አንድ መግቢያ የመኪኖች መስመር የሚሻገርባቸው፣ የሚቀላቀልባቸውና የሚለያይባቸው 9 ነጥቦች ይፈጥራል። በቀኝ ብቻ ሲሆን 2 ይቀራሉ። ትልቁን ጉዳት የሚያመጣው ወደ ግራ የሚታጠፈው ነው፤ ባለሱቁ አጥብቆ የሚፈልገውም ያንኑ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቶቹ ዝርዝር ልግባ። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ ሁለቱ ይበቁኛል።

አንደኛው «በቆየና በተመሠረተ የንግድ ጎዳና ላይ» የሚገኝ መሬት ነው። በከተማ ክልል ውስጥ ያለ ጎዳና፣ መግቢያዎቹ ደንቡ ከመውጣቱ በፊትም ርቀታቸውን ካልጠበቁ፣ አዲስ አመልካች በዚህ ምክንያት ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። በፌርፋክስ በኩል ያሉትን የቆዩ የንግድ መንገዶች የሚያውቅ ሰው፣ ኮሎምቢያ ፓይክን፣ ሪችመንድ ሃይዌይን፣ ሊትል ሪቨር ተርንፓይክን፣ ይህ አንቀጽ ስንት ቦታ ሊጠቀስ እንደሚችል ያስብ። የምክንያቱ ትርጉም ሲፈታ «መንገዱ ድሮም ተበላሽቷል» ነው። መግቢያ እንደ ጥርስ ማበጠሪያ በተደረደረበት፣ እግረኛው በየሃያ እርምጃው መኪና በሚያሳልፍበት ቦታ ላይ ደንቡ ይላላል፤ ገና ሣር በሆነው ዳር አገር ላይ ይጠብቃል። መድኃኒቱ ለጤነኛው ታዘዘ እንደማለት ነው።

የደንቡ ተሟጋቾች እዚህ ላይ የሚሰጡት መልስ ቀላል አይደለም። «ሎቶቹ ጠባብ ናቸው፤ መቶ ጫማ ስፋት ያለው ሎት ላይ ደንቡ የሚፈልገው ርቀት ከየት ይመጣል?» ይላሉ። ልክ ነው። ግን አንድ ነገር ይዘላሉ። የቆየን መግቢያ መዝጋት ወይም ከጎረቤት ጋር ማጣመር የሚቻለው ባለንብረቱ ሊያፈርስና ሊሠራ ወደ ቪዶት ሲመጣ ነው፤ ከዚያ ውጪ ያለ ከባድ ምክንያት ማንም አይነካውም። ያች ቀን በሠላሳና በአርባ ዓመት አንዴ ትመጣለች። ልዩ ፈቃዱ የሚሰጠው በዚያችው ቀን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ያስቀኛል። ደንቡ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ መግቢያ እንዲጋሩ ይፈልጋል። መልካም ነው፤ ከደንቡ ሁሉ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ነገር ግን አመልካቹ ከጎረቤቱ ጋር በተገቢ ሁኔታ መስማማት እንዳልቻለ በጽሑፍ ካሳየ፣ ከመጋራት ግዴታ ነፃ ሊወጣ ይችላል። እንግዲህ አስቡት፦ ማደያ ያለው ሰው ከጎኑ ሌላ ማደያ ሊሠራ የመጣን ተፎካካሪ «መግቢያዬን ተጋራኝ» ይለዋል? እምቢ ይላል፣ እምቢ ማለቱም ንግድ ነው። ደብዳቤው ይጻፋል፣ እምቢታው ከፋይሉ ጋር ይያያዛል፣ ሁለተኛ መግቢያ ይቆፈራል። የሁለት ነጋዴዎች አለመዋደድ በሦስተኛ ሰው፣ ከሥራ ወደ ቤቱ በሚነዳው ላይ ተላለፈ። ደንቡ ሕንፃ በሚሠራበት መሬት ውስጥ ወደ ጎረቤት ድንበር የሚደርስ የውስጥ መተላለፊያ እንዲኖር የሚጠይቅ ክፍልም አለው፤ ነገር ግን ለዚያም ልዩ ፈቃድ ይጠየቃል።

ይህን ሁሉ ስናገር የሚመጣብኝ ትልቁ ክርክር «ትንሹን ነጋዴ ትጎዳለህ» የሚል ነው። በተለይ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ክርክር ልብ ይነካል፤ ሰው ሁሉ ሱቅ፣ ሬስቶራንት ወይም ትንሽ ግሮሰሪ ያለው ዘመድ አለው። ግን ኤኤም-1ን የሚሞላው ማን ነው? ባለመሬቱ ነው። የእኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሊዝ የተቀመጠ ተከራይ ነው፤ መግቢያው ሲከፈትም ሲዘጋም የሚያማክረው የለም። ለጥናት፣ ለጠበቃና ለመሐንዲስ የሚከፍል አቅም ያለው በየግዛቱ ሱቅ የሚከፍተው ትልቁ ድርጅት ነው፤ ለእሱ ይህ የሥራ ወጪ ነው። በትንሹ ስም የተከፈተ በር ለትልቁ ይሰፋል። ደግሞም ፍርሃቱ ራሱ የተጋነነ ነው። የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የትራንስፖርት ተቋም በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ግራ መታጠፍን የሚያግዱ የመሐል አካፋዮች የተሠሩባቸው መንገዶች ላይ ያሉ ነጋዴዎችን አነጋግሮ ነበር። አካፋዩ ከመሠራቱ በፊት የሚጠብቁት ኪሳራ ከተሠራ በኋላ ካዩት ይበልጥ ነበር። ደንበኛ መብራት ላይ ዞሮ ይመጣል። ጥሩ ክትፎ ያለበት ቤት ደግሞ ሰው ሁለት መብራት ዞሮም ይመጣል።

አንዴ የተሰጠ መግቢያ በኋላ መንሳት ደግሞ ከምናስበው ይከብዳል። በኖቬምበር 2012 የቨርጂኒያ መራጮች ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው፣ መንግሥት ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድ የሚከፍለው ካሳ የታጣ ትርፍንና የታጣ መግቢያን እንዲጨምር አደረጉ። የትኛው ጉዳይ በዚህ እንደሚሸፈን ጠበቆች በየፋይሉ ይከራከራሉ። ግን አንድ መሐንዲስ አንድን መግቢያ ለማጥበብ ሲያስብ ከጀርባው ይህ ድንጋጌ መኖሩን አይረሳም። ዛሬ በደግነት ያለ ቀነ ገደብ የተሰጠ ፈቃድ ነገ ከሕዝብ ኪስ መልሶ የሚገዛ ንብረት ሊሆን ይችላል።

ሌላ ዓይነት ልዩ ፈቃድ አለ ወይ? አለ፤ ከዚሁ አገር። ኮሎራዶ በ1979 ባወጣችው ሕግና እሱን ተከትሎ በመጣው የመግቢያ ደንብ፣ ጊዜያዊ ሊሆን የሚችል መግቢያ ሲፈቀድ በፈቃዱ ላይ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚዘጋ ወይም እንደሚቀየር እንዲጻፍ ታደርጋለች፦ ወደፊት ሌላ ተገቢ መንገድ ሲገኝ ይህኛው ያበቃል። ኒው ጀርሲ ደግሞ ርቀቱን ማሟላት ለማይችል ጠባብ ሎት መግቢያ አትከለክልም፤ ግን በዚያ መግቢያ የሚያልፈው መኪና ከተወሰነ ጣሪያ እንዳይበልጥ ታስራለች። አነስተኛ ቢሮ ሊሆን የሚችለው መሬት መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው የሚገዙበት በርገር ቤት እንዳይሆን ማለት ነው። ሁለቱም መሬቱን አልዘጉም። ሁለቱም ልዩ ፈቃድን ልክና ዕድሜ ያለው ነገር አደረጉት።

ቨርጂኒያ እነዚህን ሁለቱን ብትወስድና ሁለት ብትጨምር ይበቃኛል። የምትጨምረው አንዱ ኤኤም-1 ላይ የምትገባ መስመር ናት፦ በዚህ ማይል ላይ ስንት መግቢያ አለ፣ ከእነሱ ስንቱ በልዩ ፈቃድ የተከፈተ ነው፣ ባለፉት አምስት ዓመታትስ ስንት ግጭት ተመዘገበ? መልሱ ከተወሰነ ልክ ካለፈ የሚጠየቀው ፈቃድ የሚሰጠው አመልካቹ በዚያው ማይል ላይ ሌላ መግቢያ ካዘጋ ወይም ካጣመረ ብቻ ይሁን። ሁለተኛው ጭማሪ፦ የጎረቤት እምቢታ ምክንያት መሆኑ ይቅርና አመልካቹ የውስጥ መተላለፊያውን እስከ ድንበር ሠርቶ በመሬት መዝገብ ያስመዝግብ፤ እምቢ ያለው ጎረቤት በተራው ሊያፈርስና ሊሠራ ሲመጣ ከዚያው ጋር እንዲገናኝ ይገደድ።

«መረጃው ተበታትኗል፣ ማን ይቆጥራል?» የሚለውን መልስ ከአሁኑ ልዝጋው። የንግድ መግቢያ ያለ ቪዶት ፈቃድ አይሠራም፤ ፈቃዱ ፋይል አለው። በቨርጂኒያ ፖሊስ የመዘገበው ግጭትም ቦታው ተጠቅሶ ኤፍአር-300 በሚባለው ቅጽ ይሞላል። ሁለቱን ዝርዝሮች በአንድ ካርታ ላይ ማስቀመጥ ኮምፒውተር ለተሰጠው ተለማማጅ ተማሪ የጥቂት ወራት ሥራ ነው፤ ከሪችመንድ ሃይዌይ ይጀምር።