መጀመሪያ ይጠግቡ

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች ቁርስና ምሳ በነፃ መብላታቸው ዛሬም የማይዋጥላቸው ሰዎች አሉ። የእድራችን አንድ አባል፣ አንባቢ ሰው ነው፣ «ሳይሠራ መብላት የለመደ ልጅ ነገ ምን ይሆናል?» አለና ምስክር አድርጎ አይጥ ጠራ።

የአይጦቹ ነገር እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ግሌን ጄንሰን የተባለ ተመራማሪ 200 አይጦችን ሲጫኑት ምግብ የሚጥል ብረት አለማመዳቸው። ቀጥሎ እዚያው ሣጥን ውስጥ ምግብ የሞላ ሳህን አስቀመጠላቸው። ብዙዎቹ ሳህኑን እያዩ ብረቱን እየተጫኑ በሉ። ልምምዱ የበዛላቸው ደግሞ ይበልጥ ወደ ብረቱ አደሉ። በርግቦችም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ድመት ግን ያው ድመት ናት፤ በ2021 በካሊፎርኒያ የተፈተኑት 17 የቤት ድመቶች በአብዛኛው የበሉት ከነፃው ትሪ ነው።

እኔ ራሴ ዶሮ አረባለሁ። የሀበሻዎቹ መኖው ሞልቶላቸው አጥር ሥር አፈር ሲጭሩ ይውላሉ፤ የፈረንጆቹ ከገንዳው አይርቁም። ስዊድን ውስጥም የዶሮዎች ሁሉ የዘር ግንድ የሆነችው የጫካ ዶሮ እንቁላል ለማስጣል ከተዳቀለው ነጭ ሌግሆርን ይልቅ ፈልጋ መብላት እንደምትወድ ታይቷል። ተመራማሪዎች ከሚሰጡት ምክንያት እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ነው፤ የምትጭረው ዶሮ ገንዳው ባዶ የሆነ ዕለት የት እንደምትሄድ ከወዲሁ እያጠናች ነው።

እድርተኛዬ የዘለለው ግን ዋናውን ነው። ኢንግሊስና ሁለት ባልደረቦቹ በ1997 እንዲህ ያሉ ሙከራዎችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ እንስሳው በተራበ ቁጥር ለፍቶ የመብላት ምርጫው እየቀነሰ ወደ ነፃው ምግብ እንደሚያዘነብል አሳይተዋል። ጥናት የጥጋብ ሥራ ነው። ታዲያ ቁርስ ሳይቀምስ ለመጣ ልጅ «መጀመሪያ ሥራ፣ ከዚያ ትበላለህ» የሚል ፍርድ ከአይጥ እንዴት ይቀዳል? አይጦቹ የመሰከሩት ለትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ እናት ነው፤ ልጁ በልቶ ሲያበቃ መጫር ያምረዋል።

በአንድ ነገር እስማማለሁ፤ በነፃ መታደል የሌለበት ነገር አለ። የአምስተኛ ክፍል ልጄ የሒሳብ ደብተር ከሰሌዳ በተገለበጠ መልስ ተሞልቷል፤ አንዲት ስርዝ እንኳ የለበትም። እድርተኛዬ ስለ ስንፍና መቆርቆሩ ካልቀረ ወጡን ትቶ ይህን ደብተር ይመልከትልኝ።