የጉድጓዱ ገመድ ለምን ረዘመ?

የድሬዳዋ ከተማ የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። ውሃው የሚመጣው በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ነው። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት አይታችሁት የለ? እሱ ኖራው ነው።

የመሬት ውስጥ ውሃ የሚተካው ዝናብ ሲሰርግ ነው። ከሚሰርገው በላይ ከተቀዳ ውሃው ይርቃል። ምንጩም ወንዙም ይደርቃል።

ከእኛ በላይ፣ በደጋው ያለውን የሐረማያን ሐይቅ እንይ። የሐረር ከተማ ከሱ ትጠጣ ነበር። ገበሬው በሞተር እየሳበ ጫትና አትክልት ያጠጣበት ነበር። በዙሪያውም ጉድጓድ ተቆፈረ። ከተራራው የታጠበ አፈርም ሞላው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሐይቁ ደረቀ፤ የከብት መዋያ ሆነ። በቅርብ ዓመታት ውሃ ተመልሶበታል። ሐረር ግን ውሃ ፍለጋ ወደ ቆላው ወርዳ፣ ከድሬዳዋ አጠገብ ከሀስሊሶ ጉድጓዶች በቧንቧ ሽቅብ አስወጣች።

የሰፈራችሁ ጉድጓድ ገመድ አምና ስንት ክንድ ነበር? ዘንድሮስ? ለካችሁ በደብተራችሁ ጻፉት።