ዘበኛ ያጣ ሰውነት

የፉሪ ሰው ሳል ሲበረታበት «ብርዱ ነው፤ አቧራው ነው» ይላል፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ነገር ግን ጐልማሳን ሰው የሳምባ ምች እየደጋገመ የሚጥለው ከሆነ፣ ምክንያቱ ከውስጥ ሊሆን ይችላል።

አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ጉድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. እምብዛም የማይገኝ አንድ ደዌ ገለጠ። በደረት ውስጥ ታይመስ በሚባለው ዕጢ ላይ እባጭ ይበቅላል፤ በአጥንት መቅኔ ውስጥም «ቢ» የተባሉት ሕዋሳት ሳያድጉ ይቀራሉ። በሽታን የሚከላከለው አንቲቦዲ የሚገኘው ከእነዚሁ ሕዋሳት ነውና፣ ሰውነት ዘበኛ ያጣል። እባጩ በቀዶ ሕክምና ቢወጣም ሕዋሳቱ አብዛኛውን ጊዜ አይመለሱም፤ ስለዚህ ከለጋሾች ደም የተጣራ አንቲቦዲ ለበሽተኛው በየጊዜው ይሰጠዋል።

አንባቢ ሆይ! ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ የዛሬውን ሳል ብቻ አይንገሩት፤ ባለፉት ዓመታት ስንት ጊዜ እንደታመሙም ቈጥረው ያስረዱት።