ከቀለም ጣሳ ወደ ፍቅፋቂ፦ በይፋት ቆላ የመኪና ገጽ ዝግጅት

በኢትዮጵያ አሮጌ ተሽከርካሪ ከአገልግሎት የሚወጣው ዘግይቶ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ማስገባት እጅግ ውድ ስላደረገው፣ ባለንብረቱ በእጁ ያለውን ማደስ ይመርጣል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሸዋሮቢትና በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላም መኪናን ወይም ባጃጅን በግቢ ውስጥ ዳግም መቀባት ወጪ ይቆጥባል። በዚህ ሥራ ገንዘቡም ትኩረቱም ለቀለሙ ይውላል፤ የቅቡ ዕድሜና የሰው ጤና የሚወሰኑት ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ በገጽ ዝግጅት ነው።

የዝግጅቱ ቅደም ተከተል ምክንያት አለው። ቅባቱ ሳይታጠብ የሚፋቅ ገጽ ቅባቱን ወደ ጭረቶቹ ስለሚያስገባ፣ ማጠብ ከመፋቅ ይቀድማል። ዝገት ንጹሕ ላሜራ እስኪታይ ካልተነሣ ከቅቡ ሥር መብላቱን ይቀጥላል። የተገለጠ ላሜራም ዳግም እንዳይዝግ በዚያው ቀን ፕራይመር ሊቀባ ይገባል። በቆላ ሙቀቱ ይጨመራል፤ በፀሐይ የዋለ ላሜራ ከአየሩ ይበልጥ ስለሚግል፣ በላዩ የተረጨው ፕራይመር ቲነሩ ፈጥኖ ይተንና በወጉ ሳይዘረጋና ሳይጣበቅ ይደርቃል። ስለሆነም ለደጋ የሚመች የሥራ ሰዓት ለይፋት አይሆንም፤ ጠሉ ከደረቀ በኋላ በማለዳ፣ ከጥላ ሥር መሥራት ይሻላል።

ከባዱ ጉዳይ ግን ፍቅፋቂው ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚኖረውን የሊድ መጠን በ90 ፒፒኤም ገድቧል። ገደቡ ተገቢ ቢሆንም የሚመለከተው አዲሱን ቀለም ነው። ከአሮጌ መኪና ላይ የሚፋቀው የቀድሞ ቅብ ምን እንደያዘ በዓይን አይለይም፤ ብናኙ ግን ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ያርፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ጉዳት የማያስከትል የሊድ መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል።

ለብናኙ መፍትሔው ውሃ እያርከፈከፉ መፋቅ ነው የሚሉ አሉ። ይህ ግማሽ መልስ ነው። የቀድሞውን ቅብ በውሃ መፋቅ ብናኙን ያስቀራል፤ ስቱኮ ግን ውሃ ስለሚመጥ ከሥሩ ዝገት፣ ከላዩ እብጠት ያስከትላል። ስለዚህ ስቱኮው በደረቁ መፋቅ አለበት፤ ለዚህም ተራ የጨርቅ ጭምብል ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም። እጣቢውም ቢሆን የሚደርስበት አለው፤ ሽንኩርትና ፍራፍሬ በመስኖ በሚለማበት አገር ወደ ቦይ የተደፋ እጣቢ ከማሳ ሊደርስ ይችላል።

የቤት ቅብን መከልከል ኑሮን ማክበድ እንጂ መፍትሔ አይሆንም። መሬቱን በላስቲክ መሸፈን፣ ልጆችን ማራቅ፣ እጣቢውን አዝቅጦ ዝቃጩን ሳያቃጥሉ ለይቶ ማስቀመጥ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ለቀለም አረጫጩ የሚሰጡትን ክብደት ለፍቅፋቂው አያያዝም ሊሰጡ ይገባል። ለይፋት ቅርብ በሆነው በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎችም ከግቢና ከጋራዥ አፈርና ፍቅፋቂ ናሙና ወስደው የሊዱን መጠን ቢለኩ፣ ደንቡ ያልደረሰበትን ክፍተት በማስረጃ ያሳያሉ። ጣሳውን የተቆጣጠረ ሕግ አቧራውን ካልተከተለ ሥራው በጎዶሎ ይቀራል።