ከክኒኑ ጋር ያልታዘዘው ምርመራ

ስኳርና ደም ብዛት በአንድ ሰው ሥጋ ላይ አብረው ማደር የሚወዱ ደዌያት በመሆናቸው፣ በየመድኃኒት ቤቱ መስኮት ከሚሰለፉት አረጋውያን መካከል የስኳሩን ሜትፎርሚንና የደም ብዛቱን ኢናላፕሪል በአንድ ከረጢት አስጠቅልሎ የሚመለሰው ጥቂት አይደለም። የኢናላፕሪልን ክብር የሚክድ የለም፤ ታላቅ ወንድሙ ካፕቶፕሪል በብራዚል ከሚገኝ እባብ መርዝ ጥናት ተነሥቶ የተገኘ ሲሆን፣ በ1993 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ምርምር የስኳር ሕመምተኛውን ኩላሊት ፈጥኖ ከመድከም እንደሚጠብቅ አስረድቷል። ዳሩ ግን ይኸው ኢናላፕሪል፣ ትርፍ ፖታሲየም በሽንት እንዲወገድ ኩላሊትን የሚያዝዘውን አልዶስትሮን የተባለ ሆርሞን ስለሚቀንስ፣ ማዕድኑ በደም ውስጥ ሊከማች ይችላል።

ኩላሊቱ ደኅና የሆነ ሰው ይህን ብዙ ጊዜ ይችለዋል። ስኳር ለዓመታት የኖረበት ሰው ግን ኩላሊቱ አስቀድሞ ተጎድቶ፣ አልዶስትሮኑም ከክኒኑ በፊት አንሶ፣ ፖታሲየምን ከደም ወደ ሕዋስ የሚያስገባው ኢንሱሊንም ጎድሎበት ሊሆን ስለሚችል፣ በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ገደማ መሆን የሚገባው ልክ አንዳች ሕመም ሳይሰማው ከ6 አልፎ፣ ልብ ሥርዓተ ምቷን እስክትስት ሊደርስ ይችላል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የጨው ነገር ነው። ሐኪሙ «እማማ፣ ጨው ይቀንሱ» ይላል፤ አሜሪካ ያለችው ልጅም ይህን በስልክ ሰምታ፣ ከዚያ አገር ሱቅ የጨው ምትክ ገዝታ በመንገደኛ ትልካለች፤ እናትም ልጃቸውን እየመረቁ ከሽሯቸው ላይ ይነሰንሱታል። በዕቃው ጀርባ በደቃቁ የተጻፈውን ያነበበ ግን ዋናው ነገሩ ፖታሲየም ክሎራይድ መሆኑን ያያል። ለጉልበት ቁርጥማት ያለ ማዘዣ የሚገዛው ዳይክሎፌናክ ሲታከልበትማ (ይህን ማን ለሐኪሙ ይናገራል?) ኩላሊቱ በሁለት ወገን ተከበበ ማለት ነው።

ሌላው የደም ብዛት ክኒን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ በተቃራኒው ፖታሲየምንም ሶዲየምንም ያጎድላል፤ ስኳሩንም ጥቂት ከፍ ያደርጋል።

እኔን ቅር የሚያሰኘኝ፣ የግፊት መለኪያው በየክንዱ ሲጠመጠም፣ ጣትም ለስኳር ሲወጋ፣ ኢናላፕሪል ከመጀመሩ በፊትና ከተጀመረ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ መታየት የሚገባቸው ፖታሲየምና የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው ክሬያቲኒን መዘንጋታቸው ነው። ማዘዣ የሚጽፍ እጅ የላቦራቶሪውንም ወረቀት አብሮ ቢጽፍ ምን ይከብደዋል? ሕመምተኛውም ክኒኑን በገዛ ፈቃዱ ሳያቋርጥ፣ «ዶክተር፣ ፖታሲየሜ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከአሜሪካ የመጣውንም ዕቃ ይዞ ሄዶ ያሳይ።