ማዕድን ፈላጊ አስቀድሞ መሠረቱን ይመርምር

ማዕድን እንደ ዘር በየቦታው የተበተነ አይደለም፤ ማደሪያው በጥንት ዘመን የተወሰነ ነው። የምድር ጥናት ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ከ550 ሚሊዮን ዓመት አስቀድሞ በነበረው ዘመን ውቅያኖስ ተዘግቶ የብስ ከየብስ ጋር በተጋጠመ ጊዜ ዓለቱ ተሰነጠቀ፤ ትኩስ ውሃም ወርቁን ተሸክሞ በስንጥቁ ውስጥ አስቀመጠው። በሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገ ደምቢ ወርቅ ለዚህ ምስክር ነው። እንዲሁም በ2012 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ በደለል ዓለት ውስጥ ከሚገኘው መዳብ፥ እርሳስና ዚንክ 85 በመቶ ያህሉ ከወፍራሙ የምድር ንጣፍ ጠርዝ በ200 ኪሎ ሜትር ውስጥ መሆኑን ገልጧል።

የምዕራብ ሐረርጌ ነገር ግን ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው በጭሮ፥ በሂርናና በገለምሶ አገር ጥንታዊው መሠረት በአሸዋ ድንጋይ፥ በኖራ ድንጋይና በእሳተ ገሞራ ዓለት ተሸፍኖ ይኖራል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ መሠረት ውስጥም ከ2 ሺህ ሚሊዮን ዓመት የሚበልጥ የምድር ቅሪት ስለ ተገኘ፥ በአዶላ የሆነው ሁሉ በጨርጨር ይሆናል ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ሹማምንት የቁፋሮ ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት የመሠረቱን ካርታ ይጠይቁ። ካህናትም ምክር ለሚሻው ሕዝብ፥ ሚካ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ወርቅ መስሎ እንደሚያታልል ያስረዱ። ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ባዶ ጉድጓድ ቢታቀፍ ጉዳቱ የአገር ነው። የኖራ ድንጋዩም ቢሆን አይናቅ፤ የድሬዳዋ ሲሚንቶ የሚሠራው ከዚሁ ዓይነት ድንጋይ ነውና።