የሴራሚክ መሙያ በግምት አይገዛ

ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ ደግሞ በጎጃም መንገድ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። በእነዚህ ከተሞች ብዙው ሰው ቤቱን የሚሠራው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ነው። በመጀመሪያ ግድግዳውና ጣራው ይቆማል፤ ቀጥሎ ወለሉ ሊሾ ይደረጋል፤ ዕቁብ ሲወጣ ወይም ገንዘብ ሲጠራቀም ደግሞ የመታጠቢያ ቤቱና የሳሎኑ ተራ ይደርሳል። ሴራሚክ የሚነጠፈውም በዚህ ጊዜ ነው። ዕቃውን የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ሲሆን፣ አንጣፊው የሚከፈለው የእጁን ዋጋ በካሬ ሜትር ተሰልቶ ነው። የሴራሚኩ ዓይነትና ቀለም በቤተሰብ ጉባኤ ይመረጣል። ነጋዴዎች ግራውት የሚሉት የመጋጠሚያ መሙያ ግን ዋጋው አነስተኛ ስለሆነ ማንም አያስብበትም። በእኔ አስተያየት ግን ከማንኛውም ዕቃ ይልቅ አስቀድሞ ሊሰላና ሊመረጥ የሚገባው ይኸው መሙያ ነው።

ስሌት በሌለበት ቤት ምን እንደሚሆን እንመልከት። ሥራው ሊያልቅ ሲል አንጣፊው፣ «ጋሼ፣ መሙያው አልቋል» ይላል። ባለቤቱም፣ «ትናንት የገዛሁት የት ገባ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ጥርጣሬ አለበት። ምናልባት ወጣቱ አንዲት ቁንጣሪ እንኳ አላባከነም ይሆናል፤ ነገር ግን ምን ያህል እንደሚበቃ አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ስለሌለ ንጹሕነቱን የሚያስረዳበት መንገድ የለውም። በቀን ሥራ ለሚተዳደር ሰው ደግሞ ስሙ እንጀራው ነው። በዚህም ላይ ባለቤቱ ሁለተኛ ጊዜ ገበያ ወጥተው የሚገዙት መሙያ በስም አንድ ቢሆንም፣ በሌላ ጊዜ የተመረተ ከሆነ ቀለሙ ከፊተኛው ጥቂት ሊለይ ይችላል። የሳሎኑ ግማሽ ከሌላው ግማሽ ጋር ሳይመሳሰል ይቀራል።

ለዚህ ስሌት የሚያስፈልገው በታችኛው ክፍል የተማራችሁት የይዘት ትምህርት ብቻ ነው። ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ሴራሚክ በ3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተነጠፈ እንበል። እያንዳንዱ ሴራሚክ አራት ጎን ቢኖረውም ክፍተቱን ከጎረቤቱ ጋር ስለሚጋራ፣ ለእርሱ የሚደርሰው የሁለት ጎን ክፍተት ነው። ይኸውም 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ስፋቱ 0.3፣ ጥልቀቱ 0.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦይ ማለት ነው። ሲባዛ 14.4 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይመጣል። በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ 11 ያህል ሴራሚኮች ስለሚገቡ፣ የካሬው ክፍተት 160 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ለመሙላት 1.6 ግራም ያህል ዱቄት ከተፈለገ፣ ለካሬ ሜትሩ 256 ግራም ያስፈልጋል። ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 3 ሜትር ለሆነ ክፍል 3 ኪሎ ግራም ከጥቂት መሆኑ ነው። ለብክነት አንድ ዐሥረኛ ሲጨመርበት 3 ኪሎ ተኩል ያህል ይደርሳል።

ይህንኑ 12 ካሬ ሜትር ክፍል ጎኑ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሴራሚክ ብናነጥፈው፣ ብክነቱን ሳንቆጥር 2 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር በሆነው ትንሹ ሴራሚክ ብናነጥፈው ግን ከ9 ኪሎ በላይ ይፈልጋል። የክፍሉ ስፋት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመጋጠሚያው ብዛት ነው። እንግዲህ «ለዚህ ለሚያህል ክፍል ይህን ያህል ይበቃል» እያሉ በክፍሉ ስፋት ብቻ የሚገምቱ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ክፍተቱ ከ3 ወደ 6 ሚሊ ሜትር ሲሰፋም መሙያው እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የክፍተቱን ስፋት ባለቤቱና አንጣፊው ከግዢው በፊት መስማማት አለባቸው።

ስለ ምርጫው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ክፍተቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ሲያንስ አሸዋ የሌለበት ልሙጥ መሙያ ይስማማዋል። ሲሰፋ ግን ደቃቅ አሸዋ ያለበት መሆን ይገባዋል፤ ምክንያቱም ሲሚንቶ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ አሸዋው ግን መኮማተሩን ስለሚቀንስ መሙያው እንዳይሰነጠቅ ያግዛል። ኢፖክሲ የሚባለው ዓይነት ውኃና ቆሻሻን አጥብቆ ይከላከላል፤ ሆኖም ዋጋው ውድ ነው፤ ቶሎ ስለሚጠነክርም የለመደ እጅ ይፈልጋል። ቀለሙን በተመለከተ፣ የክረምት ጭቃ በጫማ ተሳፍሮ በሚገባበት የሱሉልታ ወይም የሰበታ ቤት ወለል ላይ ነጭ መሙያ ማድረግ ለእመቤቲቱ የዕድሜ ልክ ሥራ መስጠት ነው። ግራጫ ይሻላል።

«አባቶቻችን በነጭ ሲሚንቶ ሞልተው ኖረዋል» የሚሉ አሉ። አባባላቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። በደረቅ ግድግዳ ላይ፣ ጠባብ በሆነ መጋጠሚያ ውስጥ ነጭ ሲሚንቶ ዛሬም ያገለግላል። በመታጠቢያ ቤት ወለል ግን በሰፊ ክፍተት ውስጥ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውኃ ይሰርጋል፤ በጊዜ ብዛትም ሴራሚኩ ከሥሩ ይላቀቃል። ለአንድ ካሬ ሜትር ሩብ ኪሎ ለማይሞላ ወይም ጥቂት ለሚያልፍ ዕቃ ተብሎ የሴራሚኩንና የእጁን ዋጋ ለአደጋ ማጋለጥ ቁጠባ ሊባል አይችልም። ይሁንና ማንኛውም የሲሚንቶ መሙያ ብቻውን ውኃ እንደማያግድ ማወቅ ያሻል፤ ውኃውን የሚያግደው ከሴራሚኩ ሥር የሚቀባው መከላከያ ነው። ግድግዳው ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ጥግም ሲሊኮን እንጂ መሙያ አይደረግም።

በደንብ የተመረጠውም መሙያ ውኃ ሲበዛበት ይደክማል፤ ቀለሙም ይነጣል። የውኃው ልክ በከረጢቱ ላይ ስለሚጻፍ አንጣፊው በባልዲ ከመገመት ይልቅ በመለኪያ ቢጨምር ይመረጣል። በሱሉልታ የብርድ ወራት ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ሲሚንቶው ቀስ ብሎ ይጠነክራል፤ ስለሆነም ወለሉን በማግሥቱ ለመርገጥ አለመቸኮል ነው። በበጋ ቀትር ደግሞ ነፋሱ ቶሎ እንዳያደርቀው እርጥብ ጨርቅ ማልበስ ይጠቅማል። የተረፈች ግማሽ ኪሎ ብትኖር እርጥበት በማያስገባ ዕቃ ተከድና ትቀመጥ፤ አንድ ሴራሚክ ተሰብሮ ሲለወጥ ያንኑ ቀለም ከገበያ መፈለግ አይኖርም።